ጣሳው የጠራው በረዶ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የሚማርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስጠራኝ። ለዕውቀቴ እንዳይመስላችሁ፤ ለወንበር ማሟያ ነው። በእኛ አገር ማንኛውም ነገር ሲመረቅ ከፊት ረድፍ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ካልተደረደረ የተመረቀ አይመስልም። እኔ ደግሞ ጋቢ አለኝ፤ ሽበት አለኝ፤ ሌላ የያዝኩት ሥራ የለም። እንጅባራ ቤቴ ድረስ ባጃጅ ልከው እንደ ሙሽራ አጅበው ወሰዱኝ፤ ፊት ለፊት አስቀመጡኝና ረሱኝ።

ርእሰ መምህሩ የልጄ እኩያ እንኳ የማይሆን ወጣት ነው። «ከዘንድሮ ጀምሮ ትምህርት ቤታችን ሳይንስና ምህንድስና ላይ ያተኩራል፤ ልጆቻችን የሚሸመድዱ ብቻ ሳይሆኑ የሚሠሩ ይሆናሉ» አለ። አጨበጨብን። ጠረጴዛ ላይ ልጆቹ የሠሩት ተደርድሯል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ የካርቶን ባጃጅ፣ ከውኃ ፕላስቲክ የተሠራ ፓምፕ፣ ከቀርከሃ ስንጣሪ የተሠራ ድልድይ። ድልድዩ የልጅ ልጄ ነው። ጡብ ጫኑበት፤ ቻለ። «እኔንስ ይችለኛል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ እርስዎ ጭነት አይደሉም፤ አደጋ ነዎት» ብሎ ሕዝብ አሳቀብኝ።

ወለሉ ላይ ቄጠማ መጎዝጎዝ ነበረበት። አልተገኘም መሰለኝ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎዝጉዘዋል። ሰው እየረገጠው ሲሄድ ሽታው ከእግሬ ሥር ተነሣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ለሌላው ሰው የባሕር ዛፍ ሽታ የጉንፋን መድኃኒት ነው። ለእኔ የበረዶ ሽታ ነው። ሣቄ አፌ ላይ ቀረ።

ይባስ ብሎ አንዲት ቀጭን ልጅ አንገቱ የተቆረጠ ፕላስቲክ ይዛ ብድግ አለች። «ይህ የዝናብ መለኪያ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ያን ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ተማሪ ነበርኩ ብል ግን ውሸት ይበዛብኛል፤ ቀርከሃ ተሸክሞ ገበያ ከመውረድ ሸሽቼ ጥላ ፍለጋ የገባሁ ስደተኛ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ መለስ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ጉብታ ላይ የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከጉብታው የሰፈሩ ማሳ በሙሉ ይታያል። ተማሪ የምትባለው ታላቅ እኅቴ ስመኝ ነበረች፤ አምስተኛ ክፍል ናት። እኔ «እታለም» እላታለሁ፤ እሷ «ጆሮ» ትለኛለች። ከሌላው አካሌ ቀድሞ ያደገው ጆሮዬ ነበርና። የቀረው ተከትሎ ይደርስበታል እየተባለ ሲጠበቅ ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰበትም።

እታለም ድምፅ አልነበራትም። ቤት ውስጥ ስትናገር የምትሰማት ድመታችን ብቻ ናት፤ እሷም ጆሮዋን ካቆመች ነው።

መስከረም ላይ ጋሼ ታደሰ የሚባል አዲስ አስተማሪ ከዳንግላ መጣ። ዳንግላ ያኔ ለእኔ ከኢየሩሳሌም ትንሽ ወዲህ ያለ አገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ትምህርት ማለት መቀመጥ ነው። ጋሼ ታደሰ ግን «ተነሡ!» አለ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ «ሳይንስና የእጅ ሥራ» የሚባል ነገር አመጣና ከክፍል አወጣን። ቀርከሃ ሰንጥቀን ከቆርቆሮው ጣሪያ በርሜል ድረስ አሸንዳ ሠራን፤ ውኃው መጥቶ በርሜሉ ውስጥ ሲንዶቆዶቅ እንደ እብድ ጨፈርን። ከአሮጌ ቆርቆሮ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ዶሮ ቆረጥን። ዶሮው ሁልጊዜ ከጎናችን ወዳለው ወደ ቄሱ ግቢ ስለሚዞር ሥጋ ሸትቶት ነው ብዬ ነበር የማምነው።

በመጨረሻ ጣሳው መጣ። የዘይት ጣሳ ነው፤ አፉ የተከፈተ። በእንጨት ምሰሶ ላይ ግቢው መካከል ተተከለ። በውስጡ የሚጠራቀመውን ዝናብ የምንለካው በቀርከሃ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ላይ ጣት በጣት እየተለካ መስመር ይቀረጻል። «የማንን ጣት እንውሰድ?» አለ ጋሼ ታደሰ። የእኔን ሰጠሁ። አገላብጦ አየና «ይቺ መጀመሪያ ትታጠብ፤ ያኔ ልኳ ይለወጣል» አለኝ። የእታለምን ጣት ወሰደ። በዚህ ዓይነት የአገሩ ዝናብ በእኅቴ ጣት መለካት ጀመረ።

እኔም ባዶዬን አልቀረሁም። ጋሼ ታደሰ ጣሳውን ከማን ማስጠበቅ እንዳለበት ሲያስብ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ስለዚህ ጠባቂው እኔ ሆንኩ።

ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል እታለም ዘንጉን ነክራ የዘነበውን ለተሰለፈው ተማሪ ትናገራለች። የመጀመሪያው ቀን ከንፈሯ ሲነቃነቅ ብቻ አየን።

«አልሰማሁም!» አለ ጋሼ ታደሰ።

«አንድ ጣት።»

«ለድመት ነው የምትነግሪው? ዝናብ የለካ ሰው አፉን አይለጉምም!»

«አንድ ጣት!» ብላ ጮኸች። እኛም ተከትለን «አንድ ጣት!» አልን። እታለም በገዛ ድምፅዋ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ማን ይቻላት! ድምፅዋ ከጉብታው ወርዶ ማሳ ውስጥ ያለውን ሰው ቀና ያደርግ ነበር።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ቁጥር ጮክ ተብሎ አይጠራም። ዐውድማ ላይ እህል የሚሰፍር ሰው አፉን ዘግቶ ይሰፍራል። ላሞችህ ስንት ናቸው ቢሉህ መልሱ «ይመስገን» ነው። የቆጠሩት ነገር ያልቃል። በዚያ ላይ መሬት ሊለኩ የመጡ ሰዎች ጦስ ገና ከሰው አፍ አልወረደም፤ ገመድ ዘርግተው ለክተው ሲሄዱ ተከትሎ የመጣው ግብር ነበር። አሁን ደግሞ ዝናብ እየተለካ ነው ተባለ። እኔ ራሴ ግብሩ በእንስራ ይሁን በማድጋ እያሰብኩ እጨነቅ ነበር፤ እንስራችን ስንጥቅ ነበረች።

ጋሼ ታደሰ አንድ እሑድ ቤታችን መጣ። እታለም በሕፃንነቷ በአዲስ ቅዳም በኩል ላለ ሰው ልጅ ታጭታ ነበር፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ያን ሊያስቀር ነው የመጣው።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ሩቅ ትደርሳለች» አለ።

«አዲስ ቅዳም ሩቅ አይደለም እንዴ?» አለ አባቴ።

«ስድስተኛን ትጨርስ። የዚህ አገር አስተማሪ ትሆንልዎታለች።»

«እሱን ተወውና ንገረኝ እስቲ፤ ያ ጣሳ ምን ሊያመጣብን ነው?»

«ዝናብ ላይ ግብር የለም፣ ጌታዬ።»

«ሳይለካ በፊት መሬት ላይም እንዲህ ያለ ግብር አልነበረም።»

ጋሼ ታደሰ ሣቀ፤ አባቴ አልሣቀም። እናቴ ከጓዳ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ «ልጅቷ እኮ ስትጮህ ደስ ትላለች» ማለቷ ነው። አባቴ እንዲህ አለ፦ «ሠርግ ማሳደር ባዶ እጅ አይሆንም። ገብሱ በሰላም ከገባ አማቶቼን አንድ ዓመት ታገሡኝ ብዬ አፌን ሞልቼ እለምናለሁ። ካልገባ ግን፣ አስተማሪ፣ እኔም አፍ የለኝ፣ እሷም ቀለብ የላት።»

እታለም ከበሩ ኋላ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሷ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ዞረን ገብሱን ሳናይ አናልፍም። ዘለላው ወተት መቋጠር ጀምሮ ነበር። ስትጨምቀው ጣቷ ላይ ነጭ ይወጣል። «ጠነከረ፣ ጆሮ» ትለኛለች።

የሰፈሩን ገብስ የሚጠብቁ ሌላ ሰውም ነበሩ፤ መሪጌታ ውብነህ የሚባሉ በረዶ መላሽ። ደመና ሲጠቁር አጎዛቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው ጋራው ላይ ይወጣሉ፤ ይደግማሉ፤ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ደመናውን ወደ ዘንገና ይሸኙታል። ለዚህም ገብስ ሲወቃ ከየቤቱ ድርሻ አላቸው። የተባረረው በረዶ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ የሚጠራቀም ይመስለኝ ነበር። አለዚያ ውኃው ለምን እንዲያ ይቀዘቅዛል? ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት «ይሞላና ይፈስብናል!» እያልኩ አለቅስ ነበር።

ጥቅምት እንደገባ መሪጌታ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ጣሳው ሥር ቆመው ሽቅብ አዩት።

«ልጄ፣ ይህን ነገርህን ገብሱ እስኪታጨድ ክደነው» አሉት ጋሼ ታደሰን። «ደመና አፉን የከፈተ ነገር ይወዳል።»

«አባቴ፣ ጣሳ ዝናብ ይቀበላል እንጂ አይጠራም።»

«ተቀባይ ካለ እንግዳ አይጠፋም» አሉና ሄዱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለሳይንስ ግቢ ውስጥ ወጥተን ሳለ፣ ሰማዩ እንደ ጀበና ቂጥ ጠቆረ። ነፋሱ ቆመ። የቆርቆሮው ዶሮ ወዴት እንደሚዞር ጠፋው። መሪጌታን ጋራው ላይ አየናቸው፤ ጉንዳን አክለው፣ መቋሚያቸውን ሲያነሡ። ደመናው ፈቀቅ ያለ መሰለ። ከዚያ ተመለሰ። ሮጠን ክፍል ገባን።

ቆርቆሮው ሲመታ የሰማሁትን ድምፅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አፍ ለአፍ ገጥመን እንጮኻለን፤ አንሰማማም። የዶሮ እንቁላል የሚያክል በረዶ በመስኮት እየገባ ወለሉ ላይ ይፈርጣል። የአንድ ልጅ ራስ ተፈነከተ። እኔ ዴስክ ሥር ነበርኩ፤ ጆሮዬ ግን ውጭ ቀርቶ ነበር አሉ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘንገና ሞልቶ ፈሰሰ።

ሲያባራ ምድሩ ነጭ ነው። ፀሐይ ወጣች፤ ያ ሽታ አብሯት ወጣ። የተቀጠቀጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የተፈጨ የገብስ እሸት፣ የቀዘቀዘ አፈር። ሰዉ ከየቤቱ ወደ ጉብታው መጣ፤ ማሳውን ለማየት። ከዳር እስከ ዳር የቆመ ዘለላ የለም። ተኝቷል፤ አፈር ውስጥ ገብቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። አንዲት ሴት እንደ ለቅሶ ቤት ደረቷን መምታት ጀመረች።

የእኛ ማሳ ተርፎ ነበር።

ከባሕር ዛፉ ረድፍ ሥር ነው። ዛፎቹ ቅጠላቸውንም ቅርንጫፋቸውንም ጥለው በረዶውን ተቀብለውልናል። በዚያ ሁሉ ጥቁርና ነጭ መካከል አንዲት ቁራሽ አረንጓዴ ቆማለች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩም። የእታለምን ቀሚስ ይዤ «ተርፏል! ትማሪያለሽ!» አልኳት። እሷ ሣቀች። እንዲያ ስትሥቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሣቋን ይዛ ወደ ጣሳው ሄደች። ጋሼ ታደሰ ክፍል ውስጥ የተፈነከተውን ልጅ ራስ በጨርቅ እያሠረ ነው፤ የሚከለክላት የለም። በጣሳው ውስጥ ያለው በረዶ እስኪሟሟ ቆማ ጠበቀች። ዘንጉን ነከረች፤ ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። ከዚያ እንደ ተማረችው፣ እንደ ሁልጊዜዋ፣ ደረቷን ነፍታ፦

«ሦስት ጣት!»

ደረቷን ትመታ የነበረችው ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔ ሌሎቹ ተማሪዎች ተከትለው «ሦስት ጣት!» እስኪሉ ጠበቅሁ። ማንም አላለም። ትልቅ ቁጥር ስለሆነ አፋቸው ውስጥ አልገባ ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ።

«የማን ልጅ ናት?» አለ አንድ ሰው።

«የዚያ ገብሱ የተረፈለት።»

መሪጌታ ከጋራው ወርደው ደረሱ። ግንባራቸው ደምቷል። «መልሼው ነበር» አሉ። «ሲሄድ አይታችኋል። አንድ ነገር ጠራው።» ወደ ጣሳው አላዩም፤ ማየት አላስፈለጋቸውም። ዛሬ በሳቸው ዕድሜ ሆኜ ሳስበው፣ ያን ቀን እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ አብልጠው የፈሩት እሳቸው ነበሩ። የዓመት እንጀራቸው ያ ደመና ላይ ነበር።

ጣሳው በድንጋይ ሲመታ አባቴ እኔንና እታለምን በየእጁ ይዞ ወደ ቤት ወረደ። አልመታትም። ምድጃው አጠገብ አስቀመጣት።

«ማን ጩኺ አለሽ?»

«ጋሼ ታደሰ። ዝናብ የለካ አፉን አይለጉምም ብሎናል።» ድምፅዋ ወደ ድመቷ ልክ ተመልሷል።

«ዝናብ መሰለሽ? ያ እኮ እንጀራቸው ነበር፣ ልጄ። ሰው እንጀራው ሲሞት ትለኪበታለሽ?»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። «ቃሌ ቃል ነው፤ ገብሱ ከገባ ትማሪያለሽ» አላት በማግሥቱ። ግን ገብስ ብቻውን አይገባም። በእኛ አገር አጨዳ በወንፈል ነው፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ተቀመጡና አባቴን ጠሩት። አስተማሪው ወደ ፊደሉና ወደ ቁጥሩ ይመለስ፤ ያውም በልብ ይቁጠር ተባለ። ለአባቴ ያሉት አጭር ነበር፦ «የተረፈልህን የሰጠህ ይጨድልህ።»

ብቻችንን ገባንበት። አባቴ፣ እናቴ፣ እታለም፤ እኔም አለሁ ተብሎ ከተቆጠርኩ። ያጨድኩት የራሴን ጫማ ማሠሪያ ነው ብዬ እንዳላሾፍ ጫማ አልነበረኝም። መንገደኛው በማሳችን ዳር ያልፋል። ሌላ ጊዜ ጠላት እንኳ ቢሆን የሚሠራ ሰው ሲያይ «ያበርታ!» ሳይል አያልፍም። አንድም ሰው አላለን። እኔ ያልሰሙን መስሎኝ ማጭዴን በድንጋይ ላይ አንቋቋሁ። ገብሱ እየደረቀ መርገፍ ጀመረ፤ ወፉ ወረደበት፤ እኛ ገና ግማሹ ላይ ነን። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናቴ ቀና ብላ በአዊኛ «እኛ እንብላው ነው ወይስ እሱ ይብላን?» አለች። አባቴ ማጭዱን መሬት ላይ ወረወረና ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ። ማታ ሲመለስ ለእናቴ «ሠርጉ በጥር ነው፤ እነሱ እንዳሉት» አላት።

በማግሥቱ ማሳችን በሰው ተሞላ። ከጠዋት እስከ ቀትር ዘፈን በዘፈን አድርገው አጨዱት። ገብሱ በሰላም ገባ። እታለም ለአጫጆቹ ጠላ ስትቀዳ ሁሉም እየመረቁ ተቀበሏት፤ «በጥር ያስጊጥሽ፣ ወልደሽ ሳሚ» አሏት። እኔ ታርቀናል ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሼ ታደሰ በገና ማግሥት ወደ ዳንግላ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት በራችን ላይ ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ፤ ድምፅዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁ። አባቴ «አንተማ ድምፅ ነው የሰጠሃት» አለው። «የት እንደሚጮህ ሳትነግራት።»

ጥር ላይ ፈረሶቹ መጡ። አቤት ያን ጊዜ ፈረስ! ባለ ነጫጭ ዛብ፣ ባለ ቀያይ ጥልፍ። ሆዴ የእኅቴን ሠርግ በጣም ወደደው፤ ሥጋ እስኪበቃኝ በላሁ። እታለምን በበቅሎ ላይ አወጧት። ከራስ እስከ እግሯ ተሸፍናለች፤ ሙሽራ አትናገርም፣ አትታይም። ወቅቱ በጋ ነው፤ ነገር ግን በቅሎዋ ስትንቀሳቀስ ያልታሰበች ካፊያ ጣል ጣል አለች። ሰዉ «በረከት ነው፣ በረከት!» አለ።

በቅሎዋን ተከትዬ ሮጥኩ። የትምህርት ቤቱ ጉብታ ሥር ስንደርስ ከሽፋኑ ውስጥ እጇ ወጣ። መዳፏን ዘረጋች፤ ጥቂት ቆየች። ከዚያ አንድ ጣቷን አነሣች። ጣቷን እንደ ማጠፍ አድርጋ እኩሌታውን አሳየችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ዝም በል ያለችኝ መሰለኝ። እኔም የቆሸሸች ጣቴን አነሣሁላት። እጇ ተመልሶ ገባ።

መርዶዋ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ነው። በምጥ ነው አሉ። መርዶ ነጋሪዎቹ ደጃችን ላይ ቆመው ዝናቡ በትከሻቸው ይወርድ ነበር። እናቴ ስትጮህ እኔ ወደ ውጭ ሮጥኩ፤ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ውኃው መዳፌ ላይ ሲጠራቀም ሳየው ጣቷ ገባኝ። ያን ቀን ብዙ ዘነበ። ስንት እንደዘነበ ማንም አልለካውም።

«አባባ! አባባ!»

ርእሰ መምህሩ ትከሻዬን እየነካኝ ነው። ለካ ሽማግሌው እንዲመርቅ ተጠርቶ፣ ሽማግሌው ፈዞ ቀርቷል። ብድግ አልኩ። ጋቢዬ ወንበሩ ላይ ተጠልፎ እሱም አብሮኝ ብድግ አለ፤ ልጆቹ ሣቁ። ቀጭኗ ልጅ ፕላስቲኳን እንደያዘች ቆማለች።

ምርቃቴ ጠፋኝ። እደጉ ተመንደጉ የምትለዋ እንኳ ጠፋችኝ።

«አንቺ» አልኳት። «ትናንት ስንት ነው የዘነበው?»

ወደ አስተማሪዋ አየች፤ ወደ እኔ አየች። «አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አልሰማሁም።»

ርእሰ መምህሩ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «ጆሯቸው ደክሞ ነው፤ ጮክ በዪላቸው» አላት። ጆሮዬ እንኳ ደኅና ነው፤ ሌላው አካሌ ነው ያልደረሰበት።

ልጅቷ ደረቷን ነፋች።

«አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር!»

አዳራሹን ዞር ብዬ አየሁት። አባቶች ተቀምጠዋል፤ እናቶች ተቀምጠዋል። አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ አንዷ ሕፃን ታጠባለች። ማንም አፉ ላይ ጋቢውን አልያዘም። የማን ልጅ ናት ያለም የለም።

«እንደገና» አልኳት።